እመት አህያ ያሰመረችው መስመር

አንድ ጊዜ፣ አያ አንበሶ ጥርሱ አልቆ አደን በተወበት ዘመን፣ አሳ የማየት ፍቅር ያዘው። ከዋሻው ደጃፍ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ነበረው፤ ገንዳው ውስጥ ሃያ አሳዎች ይዋኛሉ። ጠዋት ወጥቶ ዳር ላይ ይጋደምና ፀሐይ እስክትጠልቅ እነሱን ሲያይ ይውላል። በዚህ አትሳቁበት፤ እናንተም ጥርሳችሁ ሲያልቅ ታዩታላችሁ።

ችግሩ፣ ገንዳው የሚገባበትም የሚወጣለትም ውሃ አልነበረውም። ውሃው ከቀን ወደ ቀን አረንጓዴ እየሆነ ሄደ፣ ሸተተም። አሳዎቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ጀመሩ። አያ አንበሶ ጨነቀውና አራዊቱን ሰብስቦ ምክር ጠየቀ። አያ ጅቦ ከመሞታቸው በፊት ቢበሉ ይሻላል አለ። እመት ቀበሮ ደግሞ ውሃው እስኪለወጥ እኔ ቤት ይቆዩ ብላ በትሕትና አንገቷን ደፋች። አያ አንበሶ ግን እሷ ቤት የገባ ነገር ተመልሶ እንደማይወጣ ያውቃል።

ይሄኔ ከኋላ ቆማ የነበረችው እመት አህያ ወደ ፊት ወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትሸከም የኖረች ናትና የውሃን ጠባይ ታውቃለች።

«ጌታዬ፣ ውሃው የተበላሸው አንድ ቦታ ስለቆመ ነው» አለች። «ወርዶ፣ ተጣርቶ፣ ተመልሶ እንዲወጣ አደርገዋለሁ።»

«መስከረም እስኪጠባ አሳዎቼ በሕይወት ከቆዩ የወንዙ ዳር መስክ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካሽም» አለ አያ አንበሶ። «ከሞቱስ?» ብሎም ራሱ ጠየቀ።

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከሞቱማ ለአያ ጅቦ እሰጥሻለሁ።»

እመት አህያ ጅቡን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና እሺ አለች። ሥራዋን ታውቃለች።

በማግስቱ ከገንዳው በታች፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ከርከሮን ለምና ጉድጓድ አስቆፈረች። ጉድጓዱን በድንጋይ ግድግዳ ለሦስት ከፈለችው። ከዚያ የገንዳውን ከንፈር በአንድ በኩል ፈልፍላ ትንሽ ቦይ አወጣች፤ ጥልቀቱን በሰኮናዋ ሦስት ጊዜ ለካችው። አሳ እንዳያልፍበትም በጭራሮ አጠረችው። ከገንዳው የሚተርፈው ውሃ በዚያ ቦይ ወጥቶ፣ በእንጨት አሸንዳ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይወርዳል፤ እዚያ ጠጠርና ሣር ቆሻሻውን ይይዙታል። ሁለተኛው ክፍል ቀዳዳቸው በበዛ ቀያይ ድንጋዮች የተሞላ ነው። ድንጋዮቹ ሰንብተው ማሙለጭለጭ ሲጀምሩ እመት ቀበሮ ቆሸሹ ብላ አፍንጫዋን ያዘች። እመት አህያ ግን የውሃውን መርዝ የሚበላው ያው የሚያሙለጨልጨው ነገር ነውና ማንም እንዳያጥበው ከለከለች። ከሦስተኛው ክፍል የጠራውን ውሃ፣ ቅሎች የታሰሩበት መዘውር እየቀዳ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። መዘውሩን የምታዞረው ራሷ ናት፤ ዙሪያውን ስትሽከረከር እንዳያዞራት ዓይኗን በኮባ ቅጠል ትሸፍናለች።

በመጨረሻም በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በስለታም ድንጋይ መስመር ጫረች። መዘውሩ ሲዞር ውሃው ከዚህ መስመር ማለፍ የለበትም አለች። እሷ ለማረፍ ስትቆም ከላይ ያለው ውሃ እስከ ቦዩ ድረስ እስኪጎድል መውረዱን አይተውም፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ባዶ ቦታ የዚያ ውሃ ማደሪያ ነው። ይህን ስትናገር እመት ቀበሮም ነበረች፤ ግን ልቧ አሳዎቹ ጋ ነበር።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ውሃው ጠራ፣ አሳዎቹም ወፈሩ። የከሳው አያ ጅቦ ብቻ ነው። አንድ ቀን እመት ቀበሮ ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ ያቺ አህያ ጉድጓዱን አጉድላ የተወችው ለምን ይመስልሃል? ስንፍና ነው። ከታች ከሞላ ከላይ ይትረፈረፋል፤ አሳው በአሸንዳው ይወርዳል። አሳው ለእኔ፣ አህያዋ ላንተ።»

አያ ጅቦ ነገሩን ብዙ አላሰበበትም። መጨረሻው «ላንተ» የሚል ነገር ሁሉ ለእሱ ትክክል ነው።

በነጋታው እመት አህያ ዓይኗን ሸፍና መዘውሩን ስታዞር፣ ጅቡ እንስራ በጀርባው አዝሎ በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየተራመደ ከወንዙ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ማመላለስ ያዘ። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። እመት ቀበሮ ከጉድጓዱ ሥር ካለው ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ በርታ ትለዋለች።

እመት አህያ አታይም፤ ጆሮዋ ግን አልተሸፈነም። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ እንደ ወትሮው ከሩቅ የሚወድቅ አልመሰላትም፤ ድምፁ አጠረባት። አጠገቧም ጅቡ ሲያለከልክ ሰማች፤ ምን እንደተደረገ ገባት፣ ልቧም ደነገጠ። ከቆመች ጉድጓዱ ይፈሳል፤ ካልቆመች እስከ መቼ ትዞራለች? ቦዩ በትክክል ተለክቶ ከሆነ አሳዎቹ ይተርፋሉ። ካልሆነ ጅቡ እዚያው አጠገቧ ነው። ሰኮናዋን ሦስት ጊዜ ያሳረፈችበትን ያንን ከንፈር አስታወሰችና ልቧ ተመለሰ።

«አያ ጅቦ» አለች ሳትጮህ፣ «ያመጣኸውን ቀድተህ መልሰው። ልቆም ነው።»

ጅቡ ባለበት ደረቀ። ቀበሮዋ አታይህም ብላ ጠቀሰችው፤ እሱም ሮጦ ከአሸንዳው ሥር አፉን ከፍቶ ቆመ። እመት አህያ ጥቂት ጠበቀችና ቆመች።

ውሃው ከላይ መውረዱን ቀጠለ። ከታች መስመሩን አለፈ፣ አፋፉ ላይ ደረሰ፣ ከዚያም ገንፍሎ ቁልቁል ወረደ። ሰተት ብሎ እመት ቀበሮ ቤት ገባና ያስቀመጠችውን ሥጋ፣ የተኛችበትን ሣር፣ በመጨረሻም ራሷን ይዞ ወጣ። አያ ጅቦ አሳ እየጠበቀ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ሆዱ ተነፋ። ላይኛው ገንዳ ግን እስከ ቦዩ ጎደለና በራሱ ጊዜ ቆመ። አያ አንበሶ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ፤ አሳዎቹ ሃያ ናቸው።

ወደ ጅቡ ዞሮ፣ የጀርባውን እንስራ አይቶ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ጠየቀው።

«አርባ ጊዜ» አለ ጅቡ፣ ድካሙን የሚጠይቀው በማግኘቱ ደስ ብሎት።

እመት አህያ ቅጠሉን ከዓይኗ አነሳች። «የፈሰሰውም ያው አርባ እንስራ ነው፣ ጌታዬ። ከእኔ ውሃ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።»

እመት ቀበሮ ፀጉሯን እያራገፈች ወንዙን በጅብ ጀርባ ወደ ገዛ ቤቷ ያስመጣችው ራሷ መሆኗን ያን ጊዜ አወቀች።

መስከረም ጠባ፤ የወንዙ ዳር መስክም የእመት አህያ ሆነ። ግማሽ ቀን መዘውሯን ታዞራለች፣ ግማሽ ቀን ሣሯን ትግጣለች። ፀሐይ በየቀኑ ከውሃው ጥቂት ስለምትወስድ የጎደለውን የሚሞላ ያስፈልግ ነበር፤ አያ አንበሶም እንስራ መሸከም የሚችል አግኝቻለሁ ብሎ ጅቡን ሾመው። አያ ጅቦ ዛሬም ማለዳ ማለዳ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ፣ ጠብታ ከማፍሰሱ በፊት «እመት አህያ፣ እስከየት ልሙላው?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ አዋቂ አስቦ ባዶ የተወውን ቦታ ለምን እንደተወው ሳንጠይቅ ብንሞላው ጎርፉ የሚገባው የራሳችን ቤት መሆኑን ነው።