ስምንቱ ሽምብራ

አንዲት ተማሪ ነበረች፤ የላቦራቶሪ ትምህርት የምትማር፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ። ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ኮሌጁ ለሥራ ልምምድ ቆላ ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ላካት። ደስ አላላትም። «ሳልመረቅ ሄጄ ምን ልሠራ? ብልቃጥ ላጥብ?» አለች።

በጤና ጣቢያው ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ባለሙያ ነበሩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ደም የመረመሩ። ከማይክሮስኮፓቸው አጠገብ ሁለት ስኒ ተቀምጧል፤ በአንደኛው አሥር ሽምብራ አለ። ወባ ሲፈልጉ ደም በተቀባው መስታወት ላይ አሥር ቦታ ባዩ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ሁለተኛው ስኒ ያሻግራሉ። አሥሩም ሳይሻገር፣ መቶ ቦታ ሳይታይ፣ «ወባ የለም» ተብሎ አይጻፍም።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ሽምብራው ቁርስ ነው?» አለቻቸው በመጀመሪያው ቀን።

«ነው፤ ግን እስካሁን የበላው የለም» አሏት።

በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበረና ሰው በዛ። ተማሪዋ አንድ መስታወት አነሣች። አሥር ቦታ አየች፤ የለም። ሃያ አየች፤ የለም። ኮሌጅ ሳለች ወባ ለማግኘት ዓይኗን ማሳረፍ ብቻ ይበቃት ነበር። «ወባ የለም» ብላ ጻፈች።

ጋሽ ዘርጋው ወረቀቱን አላዩም፤ ስኒውን አዩ።

«ሁለት ተሻግሯል። ስምንቱን ማን በላው?»

«ንጹሕ ነው ጋሼ፤ ያስታውቃል።»

«ደሙ የማን ነው?»

«የቁጥር አርባ አንድ።»

«የማን ነው አልኩሽ። ውጪና እዪው።»

ወጣች። ቁጥር አርባ አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ልታዝለው ነጠላዋን እያጠበቀች ነበር። «ውጤቱ ደረሰ እንዴ እህቴ? ከመሸ ወንዙን አልሻገርም» አለቻት።

«ትንሽ ይቆዩኝ፣ እትዬ» አለች ተማሪዋ። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከአንድ ጀመረች። ሦስተኛው ሽምብራ ተሻገረ። አምስተኛው። ሰባተኛውን ልታነሣ ስትል እጇ ቆመ። ወባው መስታወቱ ላይ ነበረ።

ጋሽ ዘርጋው አጎንብሰው አዩና ቀና አሉ። «ኮሌጅ የሚያሳዩሽ መስታወት ተመርጦ ነው፤ ወባ የሞላበት። ሰው ግን ተመርጦ አይመጣም» አሏት። ልጁ መድኃኒቱን እዚያው ዋጠ፤ እናቱም ሳይመሽ ወንዙን ተሻገረች።

እስኪ ልብ በሉ። ይህች ልጅ ሰነፍ ነበረች? አልነበረችም። ያልተማረች ነበረች? አንደኛ ነበረች። የጎደላት ነገር ከመጽሐፍ አይገኝም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ልጅ አቅፎ የሚጠብቅ ሰው ነበር የጎደላት።

ደግሞ ይህን ጠይቁ። ያን ስሕተት መቼ ሠራችው? በሁለተኛ ዓመቷ፣ ስኒውን የሚያይ ሰው አጠገቧ ሳለ። ተመርቃ፣ ማኅተም ይዛ፣ ብቻዋን ተቀምጣ ብትሠራው ኖሮ «ስምንቱን ማን በላው» የሚላት ማን ነበር?

ከመካከላችሁ ያረሰ ያውቀዋል፤ ወይፈን ከወይፈን ጋር አይጠመድም። ከበሰለ በሬ ጋር ይጠመዳል። ትልሙን ሲስት በሬው ይመልሰዋል። ወይፈኑ እስኪያረጅ ጠብቆ ቀንበር የሚያስለምድ ገበሬ ግን አይታችኋል?

እናንተ ወላጆች፣ «ልጄ ይማር እንጂ በዕረፍቱ ምን ያለፋዋል» ትላላችሁ። እናንተ ወጣቶች፣ «ልመረቅና እሠራለሁ» ትላላችሁ። እናንተ ሱቅ፣ ወርክሾፕ፣ ቢሮ ያላችሁ፣ አንድ ተማሪ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ቀና ሳትሉ «ቦታ የለም» ትላላችሁ። ስንት ጥግ አይታችሁ ነው የለም ያላችሁት?

ያቺ ተማሪ ተመርቃ ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ብቻዋን ተመደበች። በደረሰችበት ቀን መጀመሪያ የጠየቀችው ሁለት ስኒ ነው። ሽምብራውን ይዛ ነበር የመጣችው።

ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን እዩ። አጠገባቸው ተቀምጦ ስኒያቸውን የሚያይላቸው ማን ነው? ከሌለ፣ ሳይመረቁ ፈልጉላቸው። በዕድሜ የገፋችሁም፣ የምትፈለጉት እናንተ ናችሁና ወንበር ሳቡላቸው።