የጉርዳ ሜዳ ሦስቱ መቀመጫዎች

ጉርዳ ሜዳ ዳር ባሉት መንደሮች፣ ሚስቱ አኩርፋ ወላጆቿ ቤት የገባችበት ባል ሊታረቃት ሲሄድ በቀጥታ ደጃፏ አይደርስም። ዱላውን ቤቱ ትቶ፣ ሜዳውን በአግድም እያቋረጠ፣ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ይቀመጣል። ነገሩ ለማያውቀው እንግዳ ያስቃል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ልማዱ ከአዳኙ ከጓንጉል የመጣ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው በጓንጉል ዘመን ሜዳው ቆርኬ በቆርኬ ነበር። ቆርኬ ደግሞ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ፣ ጆሮው የማይተኛ አውሬ ነው፤ ሣሩም ከቁርጭምጭሚት ስለማያልፍ መደበቂያ የለም። ጓንጉል ግን ያውቅበት ነበር፤ አፈር ዘግኖ እየበተነ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያያል፣ ነጭ ኩታውን አውልቆ አፈር የመሰለ ለምድ ይለብሳል፣ ወደ ሌላ ስፍራ እንደሚሄድ ሰው ዓይኑን ሰበር አድርጎ በጎን በጎን ይጠጋል፣ መንጋው ቀና ሲል ቁጭ ይላል፣ መጋጥ ሲጀምር ይነሣል። እንዲህ ሲል ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ይቆያል። ደጉ ዘመን! ያን ያህል ቆርኬም፣ ያን ያህል ትዕግሥትም ዛሬ ከየት ይመጣል?

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነበር ይባላል። ሚስቱ አንጓች አንድ ወሬ ጀምራ ሳትጨርስ ብድግ ይላል፣ ይቆጣል፣ ይወጣል። አንድ ቀን መረራት።

«አንቱ፣ ለቆርኬ ሦስት ቀን ይቀመጣሉ፤ ለእኔ ወሬ አንዲት ማለዳ ተቀምጠው ያውቃሉ?» ብላ ከሜዳው ማዶ ወዳለው አባቷ ቤት ሄደች።

ጓንጉል በማግስቱ ጦሩን እንደያዘ፣ ነጭ ኩታውን እንደለበሰ፣ ሜዳውን ሰንጥቆ ገሠገሠ። አንጓች ገና ከሩቅ ስታየው በጓሮ በኩል ወጥታ ዘመድ ቤት ገባች። በሳምንቱ እንደዚያው ሆኖ መጣ፤ ደግማ ሸሸች። አባቷም «አሁንም እንዲህ ሆነህ ከመጣህ ፍቺ ነው» ብለው ቆረጡ። ጓንጉል ያን ቀን አለቀሰ ይላሉ፤ ቤቱ ያለእሷ ጭር ብሎበት እህልም እንቅልፍም እምቢ ብሎት ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ጦሩን ትቶ ለምዱን ለብሶ ነበር። አንጓች ደጅ ሆና ገብስ ታሰጣለች። ሦስት ጊዜ ቀና አለች፤ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ወደ ሥራዋ ስትመለስ እየተነሣ በጎን በጎን እየተጠጋ፣ ጠዋት የጀመረውን ሜዳ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረሰው። አጥሩ ሥር ደርሶ ለሦስተኛ ጊዜ እንደተቀመጠ ቢያንጋጥጥ፣ አንጓች ቁልቁል ታየዋለች።

«አላየችኝም ብለው ነው?» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሸሸሽም?»

«መቀመጥ ይችሉ እንደሆን ልይ ብዬ ነዋ!»

ሳቀች። ጓንጉልም ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ስንት ጊዜ ያቋረጣትን ወሬ ሁሉ እስክትጨርስ አዳመጣት።

ቆርኬዎቹ ካለቁ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ሜዳውም ታርሶ ጤፍ ይዘራበታል። ዛሬም ግን አንድ ሰው ብቻውን ከማሳ መሀል ቁጭ ብሎ ሲያዩት፣ አራሾቹ ምን ሆነህ ነው ብለው አይጠይቁትም። ጅራፋቸውን ሳያጮኹ፣ በሬዎቻቸውን አቁመው፣ እስኪነሣ ይጠብቁታል።