ማንደፍሮ አረቄ ያወጣ ዕለት

የሰውን ዝም ያለ ሥራ የሚንቅ ሰው ሲገኝ እኛ ሰፈር የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ሁሉም ይላታል፤ ማን ቤት እንደተወለደች ግን የሚያውቁት ከማንደፍሮ ጋር በአጥር የሚዋሰኑት ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ እሱ ባለበት አያወሩትም።

ማንደፍሮ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ቤት የዋለ ሰው ነበር። ሚስቱ ወለላ አረቄ አውጪ ናት፤ የእሷ አረቄ ያልቀረበበት ድግስ እንደ ድግስ አይቆጠርም። ሾፌሩ ቤት ሲውል የደረሰው ሥራ ውሃ መቅዳት ሆነ። ምንጩ ያለው ቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረድ፣ ሙሉውን ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት። “ተሳቢ የነዳሁ ሰውዬ የውሃ አህያ ልሁን?” እያለ ያጉረመርማል፤ ግን ይቀዳል።

አንድ ጠዋት ለወለላ የዘመድ መርዶ መጣ። ድፍድፉ ደግሞ ቀኑ ደርሷል፤ ካደረ ይሆመጥጣል። አቶ ተክለወልድ በነጋታው ልጁን ሊድር ነውና ያዘዘውን አሥር ጠርሙስ አረቄ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስዳል።

“እኔ አወጣዋለሁ” አለ ማንደፍሮ።

“አንተ?”

“አዎ፣ እኔ! አሥሩን ጠርሙስ ሞልቼ ከጠበቅሁሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ ውሃ የሚባል አልቀዳም። ተስማማን?”

ምን አማራጭ አላት! ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየለበሰች፣ “ተስማማን። ግን ስማኝ፤ እሳቱን ለስለስ አድርገው። የገንዳው ውሃ ለብ ሲል ደፍተህ በቀዝቃዛ ለውጠው” አለችው።

“ሂጂ ባክሽ! ሞተር ያዳመጠ ጆሮ ጋን አያቅተውም።”

ሥራው ለተመልካች ቀላል ነው። ከጌሾና ከብቅል የተብላላው ድፍድፍ በጋን ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል። እንፋሎቱ በመቃ ቱቦ አልፎ፣ የቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ወደተቀመጠው ማሰሮ ይገባና እዚያ እንደ ጠል እየረጋ ይንጠባጠባል። አረቄ ማለት ይኸው ነው። ማንደፍሮ ግን ይህን ሁሉ ያየው ጀሪካን ተሸክሞ እያለከለከ ስለነበር በዓይኑ የቀረው እሳቱ ብቻ ነው።

“መኪናም ዳገት የሚወጣው ነዳጅ ሲሰጡት ነው” ብሎ ሦስት ግንድ አንድ ላይ ማገደ። ብዙም ሳይቆይ አረቄው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ትንሽ በሲኒ ተቀበለና ክብሪት ጫረበት፤ ቦግ አለ። ከአጥሩ ማዶ ፀሐይ ወደሚሞቁት አሮጊት ተጣራ።

“እማማ ይፍቱሥራ! ሰማያዊ ሆኖ ነደደልዎ!”

“እሰይ! የገንዳው ውሃስ?”

“እሱማ ተኝቷል።”

“ለውጠዋ ልጄ።”

“ሰው ያሰከረ ውሃ አይተው ያውቃሉ እማማ?”

“ዘንድሮ የማላየው የለም” አሉና ጀርባቸውን ለፀሐዩ ሰጡ።

ረፋዱ ላይ የአረቄው ሽታ መንደሩን ሞላው። በሬዎቹን እየነዳ የሚያልፍ ገበሬ ቆም ብሎ አየሩን በረጅሙ ሳበ። “ጋሽ ማንደፍሮ፣ ዛሬስ በአፍንጫ ነው የጋበዙን!” የማንደፍሮ ደረት ተነፋ። ሽታው እንዲህ አገር ካዳረሰ ማሰሮው ሞልቶ ሊፈስ ነው ብሎ አራተኛውን ግንድ ጨመረ።

ከቀብር የሚመለሱትን ለቀስተኞች ሽታው አፋፉ ላይ ተቀበላቸው። አንዷ፣ “ወለላ፣ ይሄ ያንቺው አይደለም?” ስትላት ወለላ ነጠላዋን ሰብስባ ሩጫ ጀመረች።

“ነይ፣ ነይ! ገልጠሽ እዪው!” አለ ባሏ ገና ከበር ስትገባ።

ገለጠች። ማሰሮው ከግማሽ በታች ነው። የገንዳው ውሃ ጣት አያስነካም፤ ማሰሮውም አብሮ ግሏል። በመቃው የገባው እንፋሎት የሚረጋበት አጥቶ፣ በማሰሮው አንገት እየሾለከ ሽቅብ ይነጉዳል። ማንደፍሮ አገር ምድሩን የሞላው ሽታ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው።

ወለላ ግንዶቹን ጎትታ አወጣች፣ ገንዳውን ደፋች፣ እጇን ዘረጋች። “ውሃ!”

ሾፌሩ ሁለት ጀሪካን አንሥቶ ቁልቁል ወረደ። ሁለተኛ ምልልሱን ሲጨርስ ማሰሮው ውስጥ ጠብታው እንደገና ተሰማ። በመጨረሻ አምስት ጠርሙስ ሞላ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ቀጠነ። “ይሄንንም ጨምሪበት” ቢላት፣ “ውሃ ውሃ የሚል ነገር በስሜ አይወጣም” ብላ አሻፈረኝ አለች።

ከሰዓት በኋላ አቶ ተክለወልድ መጣ፤ ጠርሙሶቹን አየና ፊቱ ጠቆረ።

“አምስት? ነገ እንግዳዬን ምን ላጠጣው ነው? ወለላ፣ ቃልሽን ስታጎድዪ አይቼሽ አላውቅም!”

ወለላ አንገቷን ደፋች። ማንደፍሮ ይህን ሲያይ መሬቱ ቢውጠው ወደደ፤ ግን ወደፊት ወጣ።

“እሷን ተዋት ተክሌ፣ ቀብር ላይ ነበረች። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያጎደልኩትም እኔው።”

“ጠጣኸዋ!”

“ልጆቼን! ከንፈሬን አላራስኩበትም።”

“ታዲያ ግማሹን ማን ጠጣው?”

ይሄኔ እማማ ይፍቱሥራ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ “አታስጨንቀው ተክለወልድ፤ እሳት ያስነሣውን ውሃ ካልተቀበለው ሰማይ ይጠጣዋል” አሉ።