የዕድሩ ፒክአፕና ስም ያጣችው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ወይናምባ በምትባል ገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚያዋጣበት አንድ ዕድር ነበረ። ዕድሩም አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ነበረችው። ሥራዋ ሬሳ ማመላለስ ስለሆነ ቸኩላ አታውቅም፤ ተሳፋሪዎቿም ዘገየሽ ብለዋት አያውቁም። ከጊዜ በኋላ ግን መሪዋ ይከብድ ጀመር፤ በቆመችበት ሁሉ ከሥሯ ቀይ ዘይት ይንጠባጠባል።

ሹፌሯ ይማም ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር በሳሙና ነው የሚያክመው። በእኛ አገር የነዳጅ ታንክ ሲያፈስ ሳሙና ይለጠፍበታል፤ ይማምም ለመሪው ዘይት ያንኑ አደረገ። እርጥብ ያየበትን ቦታ ሁሉ በሳሙና ሲደፍን፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሳሙናው ሲቀልጥ፣ እሱ በየጠዋቱ ዘይት ሲጨምር ሦስት ወር አለፈ። በመጨረሻ ዘይቱ ከየት እንደሚፈስ ለማንም የማይታይ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ትርንጎ የምትባል የበኩር ልጇን ያረገዘች ሴት ምጥ ጸናባት። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ የትርንጎን ባል ሽበሺን ወደ ጎን ጠርታ፣ «ሕፃኑ በእግሩ ነው የመጣው። ከእኔ አቅም በላይ ነው። እስከ ቀትር ታች ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣቸዋለን» አለችው።

ታች ለመድረስ አሥራ ዘጠኝ ኩርባ አለ። ያለችው መኪና ፒክአፗ ብቻ ናት። የተረፈው የመሪ ዘይት ደግሞ አንድ ጠርሙስ ነው፤ እሱም እንደ ወትሮው ከፈሰሰ ሦስተኛው ኩርባ ላይ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ የቀረውን ሁሉ በክንድ ማዞር አይቻልም፤ ከሥር ገደል ነው።

ይማም ኮፈኖውን ከፈተ። «የመሪው ፓምፕ ነው። ይኸው ከሥሩ ይንጠባጠባል፤ መውረድ አለበት» አለ። ፓምፕ አውርዶ መፍታት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሽበሺ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ባለወፍጮዋ የሻረግ ሰዉን ገፍታ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ ከወፍጮ ሞተር ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረች ሴት ናት። «የሚንጠባጠብበትና የሚፈስበት አንድ አይደለም። አጥቡት!» አለች። ሙቅ ውሃ አስመጥታ ያን ሁሉ ሳሙናና ጭቃ አስለቀቀች፤ በነጠላዋ አደረቀችው። ከጠርሙሱ ጥቂት አስጨመረችና በፓምፑና በቱቦዎቹ ላይ ዱቄት ነሰነሰች። «እትዬ የሻረግ፣ ልትጋግሪው ነው እንዴ?» ብሎ የሳቀ ነበረ። እሷ ግን «ይማም፣ አስነሣና መሪውን ግራ ቀኝ አዙር!» አለች። ፓምፑ ላይ ያለው ዱቄት ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከላይ፣ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃው የሚመልሰው የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ግን ወዲያው ቀላ። ለካ ዘይቱ ከዚያ ተነሥቶ በቱቦው ጀርባ እየወረደ ነው ፓምፑ ሥር የሚንጠባጠበው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

እንድሪስ የከተማዋ ብቸኛ ጎሚስታ ነው። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ ሊመልሰው ሞከረ፤ ቱቦው አጠረ። የውሃ ጎማ ይዘው የሮጡለትን «ይሄ ዘይትና ሙቀት አይችልም፤ አብጦ ይፈነዳል» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ቢላ ይዞ ሱቁ ገባና ጎማ የሚነፋበትን፣ ዘይትና ሙቀት የሚችለውን ወፍራም ቱቦ ከመሐሉ ቆረጠው። እንጀራው በዚያች ቱቦ ላይ ነበር፤ ሌላ ከደሴ እስክትመጣ ሱቁ ዝግ ነው። ለክቶ ገጠማት፤ ጫፍና ጫፏን ፋሸታ በሚሉት የብረት ማሰሪያ አነቃት፤ የጠርሙሱን ቀሪ ዘይት ጨምሮ፣ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አስነሥቶ፣ ዘይቱ አረፋ መትፋቱን እስኪተው መሪውን አዞረ። ከዚያም «ጋሼ ይማም፣ ሲሞቅ ፋሸታው ይላላል። ስድስተኛው ኩርባ ላይ ቆመህ አጥብቀው» አለ።

ትርንጎን ከኋላ አስተኟት፤ ሽበሺ ከፊት ተቀመጠ፤ ይማም ነዳ። መሪው እንደ አዲስ ቀለለው። ስድስተኛው ኩርባ ላይ ደረሰ፤ ትርንጎ ከኋላ «አልቻልኩም! አልቻልኩም!» እያለች ትጮኻለች። ሊያቆም አሰበና አላስቻለውም፤ «ያረቢ!» ብሎ አለፈ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ፋሸታው ላላ፣ ዘይቱ ሄደ፣ መሪው ከበደ። የቀሩትን ስድስት ኩርባዎች በእጁም በደረቱም እየጎተተ ዞራቸው። ሽበሺ ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ «ተው፣ ለእኔ ተወው!» አለው። ሆስፒታሉ በር ላይ ጣቶቹ ከመሪው አልላቀቅ አሉ። ቀኝ ትከሻው ዛሬም ያመዋል።

ቀትር ሳይሞላ ነርሷ ወጥታ «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች። ሽበሺ እዚያው ደጁ ላይ ተዘርፍጦ አለቀሰ፣ ይማምም አብሮት አለቀሰ። ወሬው ሲደርስ ወይናምባ በእልልታ ተናጋች። እኔ ራሴ ይህን ስናገር ዛሬም ልቤ ቅልል ይለኛል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽበሺ ሦስቱን ጠርቶ «ስሟን ከእናንተ አንዳችሁ ታወጡላታላችሁ» አላቸው።

«እኔ ባላይ ኖሮ ገና ፓምፕ ስትፈቱ ነበር» አለች የሻረግ። «ልጅ አልወለድኩም። ስም አውጥቼ የጠራሁት ሰው በዓለም ላይ የለም።»

«ማየት ብቻውን ታች አያደርስም» አለ እንድሪስ። «ጋሼም ቆሞ አጥብቆት ቢሆን መሪው ባልከበደው። አምስት ልጆች አሉኝ፤ የሁሉንም ስም ያወጣው አባቴ ነው።»

«ቆሜ ቢሆን!» አለ ይማም። «‹ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር› ያለውን የሆስፒታሉን ሐኪም ጠይቀው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስም የሚነገረኝ ሊቀበር ሲል ነው። አንድ ቀን እንኳ ለመጣ ሰው ስም ላውጣ።»

ትርንጎን ጠየቋት። «እኔ ምጥ ላይ ነበርኩ፤ ማን ምን እንዳደረገ አላየሁም። እናንተ ተዳኙ» አለች።

ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ፣ ክርስትናዋ ሊደርስ ነው፤ ልጅቷ ግን እስካሁን ሚጣ ብቻ ናት። ሦስቱም በየተራ እየመጡ ያቅፏታል፤ ሦስቱም የመረጡላትን ስም በጆሮዋ ሹክ ይሏታል፤ እሷም ለሦስቱም ትስቃለች። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ያየችው፣ የሰጠው ወይስ ያደረሳት፣ የልጅቷን ስም ማውጣት የሚገባው ለማን ነው?