ፐ ላይ የምትመለሰው ልጅ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።

ምነው ድምፃችሁ ሳሳ? ላሞቹ ገና አልገቡም እንዴ? እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ትንሹ፣ የእህትህን እግር ተውና ስማ።

በድሮ ዘመን ነው። ከአንድ ደብር አጠገብ፣ ዋርካ ሥር ፊደል የሚያስተምሩ የኔታ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ጉድ ነው። ልጆቹ ሁሉ የየራሳቸውን በአንድ ላይ እየጮኹ ይቆጥራሉ። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ይላሉና አንዱ ሲሳሳት፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል፣ «ቆይ አንተ፣ መልሰህ በለው» ይላሉ። እናንተም ብትሆኑ አታመልጧቸውም።

ከልጆቹ መሐል ማንጠግቦሽ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በሆነበት ዘመን እሷ ፊደሉን እንደ ውሃ ትጠጣው ነበር። የምትመጣው ከታላቅ ወንድሟ ከደምለው ጋር ነው። ደምለው ዳዊት ሊደግም ጥቂት ሲቀረው ከአጎቱ ጋር ቆላ ወረደና ንዳድ ያዘው። ሞተ። እዚያው ቀበሩት። ወላጆቹም ለቅሶውን እዚያው አጎቱ ቤት ተቀምጠው ተመለሱ።

ለማንጠግቦሽ ግን ማንም አልነገራትም። ልጅ ናት፣ ትደነግጣለች ተባለና ጎረቤቱም አፉን ያዘ። እናትየዋ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ራሷን በሻሽ ሸፍና መጣች። ምን ሆነሽ ብትላት፣ ራሴን አሞኝ ነው አለች። ደምለውስ ብትላት፣ ይመጣል አለች። አባቷን አያ ተሰማን ብትጠይቀው፣ አጎትሽ ዘንድ ከብት ይጠብቃል አላት። ቢቸግራት የኔታን ጠየቀች። የኔታም፣ አምላክ ይቅር ይበላቸው፣ አንጀታቸው አልችል ቢላቸው፣ «ወንድምሽማ በትምህርቱ ጎበዝ ስለሆነ ሩቅ አገር ለቅኔ ወሰዱት» አሏት።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ወሬ። ልጅቷ የቱን ትያዝ?

ከዚያም ነገር ተበላሸ። ማንጠግቦሽ ከሀ ጀምራ ትወርድ ትወርድና ፈ ፉ ፊ ብላ ፐ ላይ ስትደርስ ጸጥ ትላለች። ከዚያም ወደ ሀ ትመለሳለች። ፐ የመጨረሻው ነው። እሱን የዘለቀ ፊደል ጨረሰ ተብሎ ዳቦ ይቆረስለታል። እሷ ግን በነጋታውም ፈ ብላ ሀ አለች። በሳምንቱ አጠገቧ የሚቀመጠውም ልጅ ፐ ላይ ተመለሰ። ከዚያም ሦስት ሆኑ፣ ከዚያም አምስት።

የኔታ ግራ ገባቸው። ትናንት የሚያውቁትን ዛሬ እንዴት አያውቁትም? አርጩሜ አነሱ፣ አልሆነም። ጸበል አስረጩ፣ አልሆነም። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው የዋርካው ቆሌ ነው አለ። የኔታም ዋርካውን ትተው ልጆቹን ወደ ቅጽሩ ጥግ ወሰዷቸው። እዚያም ፈ ብለው ሀ። ሳቁ እናንተ፣ ሳቁ። እሳቸው እንቅልፍ አጥተዋል።

አንድ ቀን አያ ተሰማ መጣ።

፦ የኔታ፣ ይህች ልጅ ከፋችብኝ። አትበላ፣ አትጫወት፣ ስትተኛም ትባንናለች። እስከ ሆሳዕና ፊደል ካልጨረሰች አክስቷ ዘንድ እሰዳታለሁ። እዚያ ጥጥ ትፍተል።

ማንጠግቦሽ ይህን ሰማች። በዚያ ቀን ሀንም አላለችም።

የኔታ ሌሎቹን አሰናብተው እሷን አስቀሯት።

፦ ልጄ፣ ምን ሆነሻል?

አንገቷን ደፋች።

፦ አልቆጣሽም። እኔም ግራ ገብቶኝ ነው።

ይኼኔ ቀና አለች። የኔታ ግራ ይገባቸዋል ብላ አስባ አታውቅማ።

፦ የኔታ፣ የጎበዘ ይወሰዳል ብለውኛል። ደምለው ተወሰደና ቀረ። እማዬም ተደብቃ ታለቅሳለች። ፐ ካልኩ እወሰዳለሁ። ፐ ካላልኩ ደግሞ አባዬ አክስቴ ዘንድ ይሰደኛል። ጓደኞቼንም እንዳይወሰዱ ፐ አትበሉ ብያቸዋለሁ። ምን ልሁን?

የየኔታ በትር ከእጃቸው ወደቀ። ለካ ቡዳውም ቆሌውም እሳቸው ኖረዋል።

በዚያው እጇን ይዘው አያ ተሰማ ቤት ሄዱ። እሷን ደጅ አስቀመጧትና ገቡ።

፦ ተሰማ፣ ለዚህች ልጅ መርዶዋ ይነገራት።

፦ ምን ነካዎት የኔታ? ለልጅ መርዶ ይነገራል እንዴ? ልጅ ምን ያውቃል?

፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደብቀን ያሳመምናት እኛ ነን።

እናትየዋ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበርና፦

፦ ይነገራት። እኔም እንደ እናት አብሬያት ላልቅስ። ብቻዬን ማልቀስ ሰለቸኝ፣ አለች።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል። ይህ ሁሉ ክብር ለትልቅ ሰው ነው። በማግስቱ ግን ለማንጠግቦሽ ተደረገ። የኔታ ከፊት ሄዱ፣ ጎረቤቱ ከኋላ፣ የፊደል ልጆችም ተከተሉ። ጎረቤቱ ነጠላውን ያዘቅዝቅ አያዘቅዝቅ ግራ ገባው። ለልጅ መርዶ ሄዶ አያውቅማ።

የኔታ አጠገቧ ተቀመጡ።

፦ ልጄ፣ ደምለው ሞቷል። የገደለው ንዳድ ነው፣ ጉብዝናው አይደለም። እኔ ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።

እናቷም ሻሹን አወለቀች። ልጅቷ የተላጨውን ራስ አየችና ጮኸች። እናቷ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አቀፈቻት። ተላቀሱ። ጓደኞቿም ከበዋት አለቀሱ። ለቅሶው ጋብ ሲል ማንጠግቦሽ ጠየቀች።

፦ የኔታ፣ ደምለው ፊደል ስቆጥር ይሰማኛል?

የኔታ ለዚህ የሚሆን ስንት ጥቅስ ያውቁ ነበር። ሁሉም ጠፋባቸው።

፦ አላውቅም ልጄ። እኔ ግን እሰማሻለሁ።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያም ሀ ብላ ጀመረች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ለቅሶ ቤት ፊደል ይቆጠራል? ዝም ትበል ይባል? የሚያደርገውን ያወቀ የለም። እሷ ወረደች፣ ወረደች፣ ፈ ላይ ደረሰች። ልጆቹ ተጠጓት።

ፐ አለች። ፑ አለች። እያለቀሰች ፖ ላይ ደርሳ ቆመችና ዙሪያዋን አየች። የሚወስዳት አልመጣም። እናቷም እንዳቀፈቻት ነበረች።

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ለፊደል ጨራሽ ነው እንዳትሉኝ። እኔም ጨርሻለሁና አፌን አብሱ።