የሦስተኛው መስኮት ኮምፒውተር

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ከመስኮት ጀርባ ተቀምጦ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። የከተማውንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። የሰውየውን ስም ግን እጠራለሁ፤ መጠራት አለበት። ጋሽ ልሳኑ ይባላል።

ጋሽ ልሳኑ ፊት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። ለመነሳት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ስም ሲፈለግበት ያስባል፣ ያስባል፣ አሁንም ያስባል። መብራት ብልጭ ብሎ ከጠፋ ሃያው ደቂቃ እንደገና ይጀመራል።

እስቲ ልብ በሉ። ስክሪኑ የዞረው ወደ ማን ነው? ወደ እሱ። ሰልፈኛው የሚያየውስ ምንድን ነው? የእሱን ፊት ብቻ። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ሕዝቡ የሚያየው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው።

ዝምታው ሲከብደው ባለጉዳዩን ያጫውታል። ልጅ የሚያስመዘግበውን "ማንን መሰለ?" ይለዋል። ሙሽሮቹን "ዝናቡ ሠርጉን አላበላሸባችሁም?" ይላቸዋል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል።

"አባባ፣ ወሬውን ለቤትዎ!" ይላል አንዱ።

"የልጄን ልደት ላስመዘግብ መጥቼ፣ እሳቸው እስኪጨርሱ ልጁ ሊያገባ ነው" ይላል ሌላው።

ሰልፉ ይስቃል። ጋሽ ልሳኑም አብሮ ይስቃል።

ከመስኮቱ አጠገብ በክር የታሰረ የቅሬታ መዝገብ አለ። በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ሰው ጻፈበት። "ሠራተኛው ቀርፋፋ ነው።" "ለወጣት ቦታ ይልቀቅ።" ሁሉም በስሙ፣ በስልክ ቁጥሩና በፊርማው። ከሰባቱ አንዷን አውቃታለሁ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የክፍሉ ኃላፊ ዘርፌ መዝገቡን አነበበች። ክፉ ሴት አይደለችም። ጋሽ ልሳኑን አስጠርታ፣ "ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ከሕዝብ ጋር ከሚጨቃጨቁ ንብረት ክፍል ይሁኑ" አለችው።

"ማሽኑ ነው፣ ወይዘሮ ዘርፌ።"

"ሁሉም ማሽኑ ነው ይላል፣ ጋሽ ልሳኑ።"

መነጽሩን ይዞ ወጣ።

በቦታው አዜብ የምትባል ወጣት ተቀመጠች። ጣቶቿ የሚበሩ ልጅ ናት። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ከግቢው በር ወጣ። አዜብ የኃላፊዋን በር በርግዳ ገባች።

"እትዬ ዘርፌ፣ ወይ ማሽኑን ቀይሩልኝ ወይ እኔን ቀይሩኝ!"

በማግስቱ ባለሙያ ተጠራ። አንድ ሰው ሲናገር ኖሮ አልተሰማም፤ አንዲት ልጅ በሦስት ቀን ተሰማች። ለምን? ወጣት ቀርፋፋ ሊሆን አይችልም ብለን ስለወሰንን አይደለምን?

ባለሙያው ምንተስኖት ሳጥኑን ከፈተና አቧራውን እፍ አለ። "እዚህ ውስጥ እኮ ጤፍ ይዘራል" ብሎ ሠራተኛውን አሳቀ። ከዚያ ከመዳፍ የምታንስ ስስ ነገር ከቦርሳው አወጣ። ኤስኤስዲ ይሏታል፤ አዲስ ዓይነት ዲስክ ናት። ጠዋቱን ሙሉ መረጃውን ከአሮጌው ዲስክ ወደ እሷ ሲገለብጥ አረፈደ። ከምሳ በኋላ አዜብ ማብሪያውን ተጫነች። ዘርፌ መነጽሯን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ማሽኑ ተነስቶ ጠበቃት።

አዜብ እልል አለች። ሌሎቹ አጨበጨቡ። ዘርፌ አላጨበጨበችም።

"አሮጌውን ዲስክ ትጥለዋለህ?" አለችው።

"ኧረ ለምን? ከአቅሙ በላይ ስለጫናችሁበት ነው እንጂ ደህና እኮ ነው። እዚያው ሆኖ ፋይል ይይዝላችኋል።"

ለብረቱ ቦታ ተገኘለት።

ዘርፌ ቢሮዋ ገብታ መሳቢያዋን ከፈተች። ሦስት ማመልከቻዎች አገኘች፣ በጋሽ ልሳኑ እጅ የተጻፉ። "ማሽኑ እንዲታይልኝ በትህትና አመለክታለሁ" ይላሉ። በሦስቱም ጥግ ላይ በራሷ ቀይ እስክሪብቶ "ይታያል" ብላ ጽፋለች። ስትወጣ የግቢውን ጥበቃ ጠየቀችው። "እሳቸው? በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር የሚገቡት፤ ሕዝቡ ሳይመጣ ማሽኑን ላስነሳ እያሉ" አላት። ሥራ የሚጀመረው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ንብረት ክፍል ሄደች። ጋሽ ልሳኑ የተሰበሩ ወንበሮች ላይ ቁጥር እየለጠፈ ነበር። በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

"ጋሽ ልሳኑ፣ ማሽኑ ነበር" አለችው።

ቀና ብሎ አያት። "እርግጠኛ ነዎት?" አላት።

እርግጠኛ ነዎት! ይህን የጠየቀው ሦስት ማመልከቻ የጻፈው ሰው ነው።

"እኔ እኮ አምኜ ነበር" አለ። "ቤቴ እንኳ ጫማዬን ሳስር ባለቤቴን 'ጠብቂኝ፣ ቀርፋፋ ነኝ' ማለት ጀምሬያለሁ።"

ዘርፌ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችው፤ በሹክሹክታ።

"በሩን ለምን ዘጉት?" አላት። "እኔ ስሰደብ መስኮቱ ክፍት ነበር። መዝገቡ አሁንም በክሩ ታስሮ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው እዚያ ላይ ይጻፉልኝ።"

ጻፈች፤ በዚያው ገጽ፣ በቀይ እስክሪብቶዋ። ከዚያ በየስሙ ጎን ባለው ቁጥር ለሰባታችንም ደውላ እውነቱን ነገረች።

አዎ፣ ለሰባታችን። አውቃታለሁ ያልኳችሁ አንዷ እኔው ነኝ።

በዚያ ወር ጥቁር ለብሼ ሦስተኛው መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። የትኛውን ወረቀት ፈልጌ እንደሄድኩ ይገባችኋል፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። ማሽኑ ሲያስብ ጋሽ ልሳኑ፣ "ሥራቸው ምን ነበር?" አለኝ። "መምህር" አልኩት። "ሲስቁ ጮክ ብለው ነበር ወይስ ቀስ ብለው?" አለኝ። በመልስ ፈንታ መዝገቡን ሳብኩና "ሠራተኛው በማይመለከተው ጉዳይ የሰው ጊዜ ያባክናል" ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ ጽሕፈት፣ ያለ አንዲት ስሕተት። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ጠቀመኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ማንን ቀርፋፋ ብላችኋል? ባላችሁን? በኩሽና ያለችውን ልጅ? በየእሑዱ ዘግይታ የምትገባውን እህት? ስክሪኑን ሳታዩ፣ ፊቱን ብቻ አይታችሁ ምን ፈረዳችሁ? ያ ሰው ዛሬ ጫማውን ሲያስር ስለ ራሱ ምን ይላል? የእናንተን ቃል አይደለምን?

"ይቅርታ ጠይቄያለሁ" ትሉኛላችሁ። የት? ስትሰድቡት ጉባኤ ነበር፤ ይቅርታውን በኮሪደር አደረጋችሁት። ስሙን ያጠፋችሁት በምሳ ገበታ፣ በሰው ፊት ነበር፤ የካሳችሁት በሩን ዘግታችሁ ነው። እኔም ጸሎት ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ለእግዚአብሔር ነግሬ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር። ቀላሉ እሱ ነበርና። ሳምንት ሙሉ ስጸልይ ግን ፊቴ የሚመጣው ያ በክር የታሰረ መዝገብ ነበር።

ከሰባታችን የሄድነው ሁለት ነን። ጋሽ ልሳኑ ወደ መስኮቱ ተመልሶ ነበር። ማሽኑ አሁን አያስጠብቀውም፤ እሱ ግን አሁንም ሰውን ይጠይቃል። ሰልፉ እያየኝ መዝገቡን ከፈትኩ። ከፊርማዬ በታች ሁለት መስመር ባዶ ቀርቶ ነበር። "የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ ሰውየው ትጉህ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ቀና ብዬም በመስኮቱ፣ "ቀስ ብለው ነበር የሚስቁት" አልኩት።

የእናንተ መዝገብ የት ነው? ታውቁታላችሁ። ስማችሁ እላዩ ላይ አለ። ገጹ ሳይሞላ ሂዱ።