መስመሩን ያለፈችው ቪትዝ

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ አርፎ መቀመጥ የማይሆንላቸው አንድ የጋራዥ ባለቤት ነበሩ። አቶ ከፈለኝ ይባላሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ጭንቀታቸው ባሰ፤ ጋራዡን ለማን እንደሚያወርሱ መወሰን አቃታቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሁለቱም ጎበዝ መካኒኮች ናቸው፤ አብረው መሥራት ግን አይሆንላቸውም።

ታላቁ ናሁሰናይ የተገለበጠች ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ገዝቶ፣ ለዓመታት ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ እንደ አዲስ አስነሥቷታል። «እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራን ከጅቡቲ ድረስ ይመጡልናል» ይላል።

ታናሽ እህቱ ምንትዋብ በየቀኑ የምትነዳት አሮጌ ቪትዝ አለቻት። መለዋወጫ የምታመጣው በእሷ ነው፤ ጎረቤት ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል የምታደርሳትም በእሷ። «እኛን ያኖረን የሰው የዘወትር መኪና ነው» ትላለች።

ክርክሩ የሰለቻቸው አባት «በሉ፣ መኪኖቻችሁ ይፍረዱ» አሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመኪና መወዳደሪያ ናሁሰናይ መኪናው ፈጣን ስለሆነች አሥራ አምስት ዙር፣ ምንትዋብ አሥር ዙር ሊነዱ ተስማሙ። ዙሩን ጨርሶ የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ ያለፈ ጋራዡን ይወስዳል። ዳኛው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሐጂ ዑመር ሆኑ።

የስፖርት መኪናዋ ቀጥታው ላይ እየጮኸች ትፈተለካለች። ቪትዟ ኩርባው ላይ እየተንገዳገደች፣ ሳታቋርጥ ትዞራለች። አቶ ከፈለኝ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ።

«አረፍ ይበሉ እንጂ» አሏቸው ሐጂ ዑመር።

«በምን አንጀቴ?»

የማንን ማሸነፍ እንደሚፈልጉ ራሳቸውም አያውቁም ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ ናሁሰናይ እህቱን አለፋት። አባት ግን አቧራው ጋርዷቸው ማን እንደቀደመ አልታይ አላቸው። ወደ ኩርባው ተጠጉ፤ ሳይታወቃቸው አስፋልቱ ላይ ወጡ።

ናሁሰናይ አባቱን ሲያይ ፍሬን እንደማይደርስለት ገባው። መሪውን ጠመዘዘ። መኪናዋ እሳቸውን ስታ መንገዱ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር ተላተመች። የዓመታት ልፋቱ ተጨፈለቀ፤ እግሩም ተሰበረ።

ምንትዋብ ከኋላው ደረሰች። መስመሩ ፊቷ ነው፣ ማንም የሚቀድማት የለም። ቆመች። ወንድሟን አውጥታ የኋላ ወንበር ላይ አጋደመችው፤ አባቷን ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ሆስፒታል ነዳች። መውጫው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም በመጨረሻው መስመር በኩል ነው። ስታልፍ ሐጂ ዑመር ውድድሩ አለቀ ሲሉ ባንዲራውን አወረዱ።

ናሁሰናይ እግሩ ጄሶ ከተደረገለት በኋላ «ቀድሜ ነበር፣ አባባ» አለ። «መሪውን የጠመዘዝኩት ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እኔስ ለማን ብዬ ነው የቆምኩት?» አለች ምንትዋብ። «ቆሜም መስመሩን ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም እኮ መኪናሽ ውስጥ ነበርኩ» አላት ናሁሰናይ።

ሁለቱም አባታቸውን አዩ። አቶ ከፈለኝ ተከትለዋቸው የመጡትን ሐጂ ዑመርን ማን እንዳሸነፈ ቢጠይቋቸው «እኔ የዳኘሁት መኪኖቹን ነው፤ ልጆቹን እርስዎ ይዳኙ» አሏቸው። አቶ ከፈለኝ ተነሥተው ኮሪደሩን ይመላለሱበት ጀመር። በወንድ ልጃቸው ክፍል በር ሲያልፉ ሕይወታቸውን ያተረፈው ትዝ ይላቸዋል፤ ደጅ ወደቆመችው ቪትዝ ሲመለከቱ ወንድሟን ሆስፒታል ያደረሰችው ትዝ ትላቸዋለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጋራዡ የሚገባው ለማን ነው?